አገር በዜማ ውስጥ በየት በኩል ይገባል?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚወጡ የባህል ዘፈን ክሊፖችን አከታትሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ድሮኑ ገደሉን ተሻግሮ ይነሣል፣ ጭጋግ የለበሰ አምባ ይታያል፣ ዘፋኙ ነጭ ለብሶ ጋራው ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ግጥሙ ወሎን ወይም ጎጃምን ወይም ራያን በስም ይጠራል። ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሰማ ግን ድምፁ ከየትም ሊሆን ይችላል። ከበሮው ከኮምፒዩተር የወጣ ነው፣ ማሲንቆው የኪቦርድ ማሲንቆ ነው፣ በድምፁ ዙሪያ ያለው ስፋትም ከስቱዲዮ ስቱዲዮ የሚዞር አንድ ዝግጁ ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋቢያ) ነው። አገሩ ምስሉንና ግጥሙን ሞልቶት ዜማው ውስጥ የለም።

መልክዓ ምድር አቀናባሪን ያነሣሣል ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው፣ ባለሙያው ተራራ አይቶ ልቡ ተነክቶ ተራራ የመሰለ ዜማ ሲጽፍ ነው። ይህ ከሚወራው እጅግ ባነሰ መጠን የሚሆን ነገር ነው። ቦታ ወደ ሙዚቃ የሚገባባቸው በሮች በዓይን አይታዩም። አየሩ ድምፅን የሚሸከምበት መንገድ አንዱ ነው፤ መሣሪያው የተሠራበት ቁስና የአካባቢው ሥራ የሚሄድበት እርምጃም እንዲሁ። ከሁሉም የሰፋው በር እዚያው አገር የቆየው ቅኝትና የዜማ ትምህርት ነው። ርዕስ፣ ግጥምና ምስል ከእነዚህ ሁሉ ደካሞቹ ናቸው፤ ዛሬ ግን በብዛት የምንጠቀመው እነሱን ነው።

ርዕስ ሲያታልል

ኖርዌጃዊው ኤድቫርድ ግሪግ ለሄንሪክ ኢብሰን «ፔር ጊንት» ተውኔት በ1875 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ከጻፋቸው ክፍሎች መካከል «የማለዳ ስሜት» የተባለው በዓለም ላይ ከሚታወቁት የንጋት ዜማዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ዋሽንት መሰሉ ፍሉት ይጀምራል፣ ኦቦ ይቀበለዋል፣ ሰሚው ወዲያው የኖርዌይን በረዷማ ተራራና በገደል መካከል የተኛ ባሕር ያያል። በተውኔቱ ውስጥ ግን ያ ንጋት የሚነጋው ሰሜን አፍሪካ፣ ሞሮኮ ውስጥ ነው። ኖርዌይን ያየው ሰሚ ያየው የአቀናባሪውን ስምና ዜግነት ነው። ለእኛ ጆሮ ደግሞ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለው። የመክፈቻው ሐረግ የቆመባቸው አምስት ድምፆች ልክ ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ሆኖም ኢትዮጵያዊ ሰሚ ሰምቶት «ትዝታ ነው» አይልም፤ አጨራረሱ፣ ጌጡ፣ የሚያርፍበት ቦታ ሌላ ነውና። ይህን ነጥብ ኋላ ስለ ቅኝት ስናነሣ እንመለስበታለን።

የፌሊክስ ሜንደልሶን «የሄብሪደስ» መክፈቻ ሌላው ምሳሌ ነው። በስኮትላንድ ስታፋ ደሴት ባለው የፊንጋል ዋሻ ስም ስለሚጠራ፣ ሜንደልሶን ዋሻው ውስጥ ቆሞ የማዕበሉን ጩኸት ሰምቶ የጻፈው ይመስላል። እሱ ግን የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ለቤተሰቡ በደብዳቤ የላከው ነሐሴ 7 ቀን 1829 ነው፤ ዋሻውን ያየው በማግስቱ ነው። ከዚያም ሥራው በቀላሉ አላለቀም፣ ዓመታት ፈጅቷል። በ1832 ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ የመሐለኛው ክፍል ከዓሣ ዘይትና ከባሕር ወፍ ይልቅ ኮንትራፑንት (ዜማን በዜማ ላይ የመደረብ ስልት) ይሸታል ብሎ ራሱን ነቅፏል። ከዚህ ትችት የሚገኘው ቁም ነገር ትልቅ ነው። ዜማው አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር፤ ሜንደልሶንን ያስቸገረው በዙሪያው ያለው አሠራር፣ ማለትም ድምፆቹ እንዴት እንደሚነባበሩና እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ነው።

ቤድርዥክ ስሜታና በ1874 የቭልታቫን ወንዝ ሲጽፍ ያደረገው ይህንኑ ነጥብ ያጠነክራል። ቼኮች እንደ ሁለተኛ ብሔራዊ መዝሙር የሚያዩት ያ ዋና ዜማ፣ በአውሮፓ ከአገር አገር ሲዞር ከኖረ አሮጌ የጣሊያን ዜማ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። የእስራኤል ብሔራዊ መዝሙር ዜማም ከዚሁ ቤተሰብ ይመደባል። ስለዚህ ወንዙ ዜማው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ወንዙ ያለው ከሥሩ ነው። መጀመሪያ ሁለት ፍሉቶች እየተቀባበሉ ይፈስሳሉ፣ ያ የመጀመሪያው ምንጭ ነው። ክላሪኔቶች ይጨመራሉ፣ ያ ሁለተኛው ነው። ቀጥሎ ያው የማያቋርጥ ፍሰት ወደ ባለአውታሮቹ ይተላለፍና ዋናው ዜማ በላዩ ይንሳፈፋል። ዜማውን ከላዩ አንሥተው ፍሰቱን ብቻ ቢያሰሙ ውኃ መሆኑ ይታወቃል፤ ፍሰቱን አንሥተው ዜማውን ብቻ ቢያሰሙ ግን የቡድን መዝሙር ይሆናል።

አየር፣ ገደልና ርቀት

ከደጋ አገር እንጀምር። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ በ10 ዲግሪ ወደ 337 ይወርዳል። የቦታው ከፍታ ፍጥነቱን በቀጥታ አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው። ከገደል 120 ሜትር ርቆ የሚጣራ እረኛ ድምፁ ሄዶ ለመመለስ 240 ሜትር መጓዝ አለበት፣ ይህም 0.7 ሰከንድ ያህል ነው። የገደሉ ማሚቶ ታዲያ በደቂቃ 86 ምት አካባቢ የሚሄድ ሙዚቃ አንድ ምት ይሆናል ማለት ነው። እረኛው ከዚህ ፈጥኖ ቢዘፍን ማሚቶው በቃሉ ላይ እየወደቀ ያምታታዋል፤ ስለዚህ ሐረጉን ጥሎ ይጠብቃል፣ መልሱን ሰምቶ ይቀጥላል። በገደል አገር ዜማ ውስጥ የሚገኘው ያ ረጅም ዕረፍት ከስሜት ብቻ የመጣ አይደለም፣ ግድግዳው ያስተማረው ነው።

ርቀት ደግሞ የራሱ ወንፊት አለው። በ500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ያለ ድምፅ በአንድ ኪሎ ሜትር አየር ውስጥ የሚያጣው 3 ዴሲቤል ገደማ ነው፣ ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው፤ በ4000 ኸርዝ ያለው ግን ከ20 ዴሲቤል በላይ ያጣል። ይህ በመስፋፋት ብቻ ከሚጠፋው፣ ማለትም ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከሚቀንሰው 6 ዴሲቤል በተጨማሪ ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ»፣ «ፈ» የሚኖሩት በላይኛው ክልል ስለሆነ ቀድመው ይሞታሉ። ሸለቆ ተሻግሮ የሚደርሰው «ኦ»፣ «ኧ»፣ «አ» ነው። ከአምባ አምባ የሚጣራ ሰው ቃሉን የሚጎትተው፣ ቀረርቶና የእረኛ እንጉርጉሮ «ኧረ» እና «ሆ» ላይ ቆመው የሚረዝሙት፣ ሌላው ድምፅ ስለማይደርስ ነው። ይህን ያላወቀ የስቱዲዮ ሰው የሸለቆ ጥሪን ማይክሮፎን ከንፈር አጠገብ አድርጎ ይቀዳና ምኑ እንደጎደለ ሳይገባው ሪቨርብ ይጨምርበታል። የጎደለው ማሚቶ አይደለም። የበዛው የላይኛው ድምፅ ነው።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። ሌሊቱን የቀዘቀዘ አየር ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ከላዩ ሞቅ ያለ አየር ሲኖር ድምፅ ወደ ምድር ይታጠፋል፣ ርቆም ይሄዳል። ቀትር ላይ መሬቱ ሲግል ይገለበጣል፤ ድምፁ ወደ ላይ ያመልጥና መቶ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ያለ ሰው እንኳ በደንብ አይሰማውም። ጎህ ሲቀድ ከማዶ ቀዬ የሚደርሰው ድምፅ ቀትር ላይ የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር በገናን ማነጻጸር ይጠቅማል። በገና ሜዳ ላይ ምንም አይደለም፤ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ ብርታትም የለውም። አሥሩ የበግ አንጀት አውታሮቹ በእንዚራው፣ ማለትም በአውታርና በብርኩማው መካከል በሚገቡት ትንንሽ ቁራጭ ቆዳዎች እየተነኩ ይነዝራሉ፤ ያ ንዝረት ለጆሮ ቅርብ፣ ለክፍል ሙሉ ነው። በዐቢይ ጾም ጨለም ባለ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው የተበጀ ድምፅ ነው። ዋሽንትና በገና በአንድ አገር ቢኖሩም አንዱ የሜዳ፣ ሌላው የቤት ልጅ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ሪቨርብ ማልበስ ሁለቱንም ቤት አልባ ማድረግ ነው።

ሸምበቆ፣ የፈረስ ጭራና ወፍጮ

ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት የሆኑ 50 ሴንቲ ሜትር ሸምበቆ ጣት ሳይነሣለት ሲነፋ ከ340 ኸርዝ ጥቂት ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ባለአራት ቀዳዳው ዋሽንት ቁመቱና ቀዳዳዎቹ አንዴ ከተበጁ ድምፁ የተወሰነ ስለሆነ፣ ልምድ ያለው ነፊ ቁመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንት ይዞ ይዞራል። የማይወሰነው አየሩ ነው። ከ20 ወደ 10 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር የሸምበቆውን ድምፅ በ30 ሳንቲም ያህል ያወርደዋል፤ ሳንቲም የሚባለው የአንድ ግማሽ ድምፅ መቶኛ ክፍል ነው። ትንፋሽ ሸምበቆውን እያሞቀ ስለሚሄድ ልዩነቱ ይጠባል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም። በደጋ ማለዳ የተቀዳ ዋሽንት ከኪቦርድ ጋር ሲገጠም «ቅኝቱ ወርዷል» ተብሎ በኮምፒዩተር የሚታረመው ይህ ነው። ማረሙ ግድ ከሆነ ኪቦርዱን ወደ ዋሽንቱ ማውረድ ይሻላል፤ የማይሞቅ የማይበርደው እሱ ነውና።

ማሲንቆ ደግሞ እርጥበትን ይፈራል። አውታሩ የፈረስ ጭራ ነው፣ ሳጥኑ በቆዳ የተወጠረ ነው። በክረምት ጭራው እርጥበት ጠጥቶ ይረዝማል፣ ቆዳው ይረግባል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ይደበዝዛልም። ተጫዋቹ ፀሐይ ወይም እሳት አጠገብ አስጠግቶ ያደርቀዋል። ቆላ ወርዶ ሲደርቅ ደግሞ በተቃራኒው ይጠነክርና ድምፁ ይሾላል። ስለዚህ አንድ ማሲንቆ የደጋና የቆላ፣ የክረምትና የበጋ ድምፅ አለው። በኪቦርድ ውስጥ የተቀመጠው ማሲንቆ አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ የአየር ጠባይ ይጫወታል።

የሥራ እርምጃም አለ። በእጅ ወፍጮ የሚፈጭ ሰው መጁን ወደፊት ሲገፋ እህል ስለሚጨፈልቅ ከባድና ዘገም ይላል፣ ሲመልስ ግን ቀላልና ፈጣን ነው። የወፍጮ ዘፈን በዚህ ያልተስተካከለ ሁለት እግር ላይ የቆመ ነው። አውድማ ላይ በሬ እያዞሩ የሚዘፈነው ደግሞ በበሬው እርምጃ ይሄዳል፤ በሬ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ጭድ ይነክሳል። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ የፍጭት ዘፈን ሥራውን አጣ። በመድረክ የቀረው ዜማው ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ኮምፒዩተር ላይ ወደ እኩል ክፍፍል ሲያስገቡት የግፊቱና የምላሹ ልዩነት ይጠፋል። ይህ ጥፋት በጆሮ የሚታወቅ ነው፤ ሰሚ ምክንያቱን ባያውቅም «አይጎትትም» ይላል።

አምባሰልና ባቲ

ከዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ የቦታ ስም አላቸው፤ ሁለቱም ወሎ ውስጥ ናቸው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ያለ የአምባ አገር ነው፤ በ1889 ውል የተፈረመባት ውጫሌ በዚያ ናት፣ መስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚጎርፉባት በመስቀል ቅርፅ የተቀመጠችው ግሸን ማርያምም በዚያ ናት። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ደጋው ወደ አፋር ቆላ የሚወርድበት ከተማ ናት፤ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ግመልና እህል ይዞ ይገናኝባታል።

የአምባሰል ቅኝት ተራራውን አይሥልም፤ የባቲም ገበያ በድምፆቹ ውስጥ አይታይም። «አምባሰል ወጣ ወጣ ስለሚል ገደሉን ይመስላል» የሚለው አባባል ሲነገር ደስ ይላል፣ ሲፈተሽ ግን አይቆምም። የሚያስኬደው ድምፆቹን ማየት ነው። ከ«ዶ» ቢነሣ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አሁን የአምባሰሉን ድምፆች ሳይለውጡ ከ«ፋ» ጀምረው ይቁጠሩ፤ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ያገኙት ያው ትዝታ ማይነር ነው፣ ቤቱ፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበት ዋና ድምፅ፣ «ፋ» ላይ ሆነ እንጂ። ባቲ ማይነርና ትዝታ ሜጀርም በተመሳሳይ መንገድ ድምፅ ይጋራሉ።

ስለዚህ አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገው የአምስት ድምፆች ዝርዝር አይደለም። ቤቱ የት እንደሆነ፣ ከ«ዶ» ቀጥሎ ያለችው ያቺ ግማሽ ድምፅ እንዴት ወደ ቤት እንደምትጎትት፣ ሐረጉ በየት ወርዶ እንደሚያርፍ ነው። በተግባር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የኪቦርድ ተጫዋቹ አምባሰሉን ሲያጅብ በግራ እጁ «ፋ» ማይነር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አድርጎ ይዘልቃል፤ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ ሁሉም ቅኝቱ ውስጥ ስላሉ ምንም አልተሳሳተም ይመስለዋል። ዘፋኙ ግን ሳያውቀው ወደ ትዝታ ማይነር ተጎትቷል፣ ሰሚውም የሚሰማው ትዝታ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባሱ «ዶ»ን ይያዝ፣ ኮርዱ ሦስተኛ ድምፁን ይጣል፣ «ዶ» እና «ሶል» ብቻ ይቆዩ። ብዙ ጊዜ ምንም ኮርድ አለመኖሩ ከሁሉም ይበልጣል። ግሪግ በትዝታ ሜጀር ድምፆች ጽፎ ትዝታ ያልሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ድምፆቹ የማንም ናቸው፣ አካሄዱ ግን የአገር ነው።

በዚህ መንገድ የቦታ ስም የሚነግረን የዜማውን የትውልድ ሐረግ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል። የዜማ መጽሐፍ የሆነው ድጓ በጋይንት ቤተልሔም ይመሰከራል፣ ማለትም ተማሪው ትምህርቱን የሚያጠናቅቀው እዚያ ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ። የቅዳሴው ዜማ በቦታ ስም ከሚጠሩት ስልቶች የደብረ ዓባይ ነው ወይስ የሰለልኩላ ተብሎ ይጠየቃል፣ ልዩነቱንም ጆሮ ያለው ሰው ከጥቂት ሐረግ ይለየዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ወይም ዋሽንግተን በሚገኝ ደብር የሚቀድስ ካህን ደብረ ዓባይን በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል። መምህሩ ከመምህሩ፣ ያም ከመምህሩ የተቀበለው አካሄድ ግን ቦታውን ተሸክሞ መጥቷል። ከአቀናባሪ አንጻር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥፍራን ለመያዝ ሥፍራው ላይ መቆም ብቻ አይበቃም፣ እዚያ የተማረ ሰው ዘንድ መማር ይበልጣል።

ከግሸን እስከ ኢየሩሳሌም

መነኩሲቷ የፒያኖ አቀናባሪ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ለዚህ የተሟላ ማስረጃ ናቸው። በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ ኋላ ካይሮ በፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ሠልጥነው ሙሉ የአውሮፓ ሙዚቀኛ ለመሆን ጥቂት ሲቀራቸው ፊታቸውን ወደ ግሸን መለሱ። አሥር ዓመት ያህል ያለ ጫማና ያለ ሙዚቃ በዚያ አምባ ኖሩ። በኋላም ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ታተመ፤ ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ኖረው በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ከሥራዎቻቸው መካከል የዓባይ፣ የዮርዳኖስ፣ የጌቴሴማኒና የጎልጎታ ስም ያላቸው አሉ፤ ነፋስና ባሕርም በርዕስ ይጠራሉ። ርዕሱን ይዞ ወንዝ ፍለጋ የሚያዳምጥ ብዙም አያገኝም። ስሜታና ያደረገውን የማያቋርጥ ፍሰት እሳቸው አልሠሩትም። ቦታው ያለው በጣታቸው ነው። ፒያኖ ቁልፎቹ የተቆረጡ፣ በሁለት ድምፆች መካከል መንሸራተት የማይችል መሣሪያ ነው። ዜማችን ግን ያለ መንሸራተትና መንቀጥቀጥ አይኖርም። እሳቸው ክፍተቱን የሞሉት ከዋናው ድምፅ በፊት በሚረግጧቸው ፈጣን ጌጦች ነው፤ ጆሮ ሁለትና ሦስት ቁልፍ መሆኑን ረስቶ አንድ የሚታጠፍ ድምፅ ይሰማል። ምቱም እንዲሁ ነው። ግራ እጅ ዋልስ የሚመስል ሦስት ምት ይጀምርና ቀኝ እጅ የዜማውን ትንፋሽ ሲከተል ግራው ቆሞ ይጠብቀዋል። ይህ የአውሮፓ መምህር ያስተማራቸው ነጻነት ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን መልሱን እየጠበቀ ከሚዘመር የዜማ ቤት አካሄድ ይበልጥ ይቀርባል። ሥራቸውን በእኩል ምት የሚጫወቱ ወጣት ፒያኒስቶች ኖታው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሙዚቃው የሚያመልጣቸው ይህን ጥበቃ እየቆረጡ ስለሚሄዱ ነው።

አቀናባሪው አሸናፊ ከበደ በ1960ዎቹ «እረኛው ባለዋሽንት»ን ሲጽፍ በተቃራኒው መንገድ ሄዷል፤ የእረኛውን መሣሪያ ዓለም ወደ ኦርኬስትራ አምጥቷል። ሁለቱም መንገዶች ይሠራሉ። የማይሠራው ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም የአውሮፓ ፖፕ አጃቢ ላይ ለስምንት ምት ብቻ ዋሽንት መቀባት ነው።

ቦታውን ወደ ሥራ ማምጣት

ለአንድ ቦታ ሙዚቃ ለመጻፍ የሚሄድ አቀናባሪ ካሜራውን መኪና ውስጥ ትቶ ቢወርድ ይሻለዋል። ሪከርደሩን በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ያስተካክል፣ ከፍተኛው ድምፅ ከ−12 ዴሲቤል እንዳያልፍ ያድርግ። ደጋ ላይ ጠላቱ ነፋስ ነው። ከማይክሮፎኑ ጋር የሚመጣው ስፖንጅ አይበቃም፣ ፀጉራሙ መከላከያ ያስፈልጋል፤ በነፋስ የተበላሸ ቅጂ በኋላ በምንም አይታጠብም። ዝቅተኛውን ድምፅ ከ80 ኸርዝ በታች መቁረጥ ይረዳል፣ ከበሮ ካለ ግን አይቁረጡ። ማይክሮፎኑ ከተጫዋቹ 2 ወይም 3 ሜትር ይራቅ፤ አንድ ሜትር ውስጥ ከገባ የሚቀዳው መሣሪያውን ብቻ ነው። ከተቻለ ሁለተኛ ሪከርደር 50 ሜትር ላይ ይቁም። ከእያንዳንዱ ቅጂ በኋላ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ የቦታው ዝምታ ይቀዳ፣ ሁለት ቅጂ ሲያገናኙ ስፌቱን የሚሸፍነው እሱ ነው። ሙቀቱም ይመዝገብ፤ ለምን እንደሆነ ስለ ዋሽንት ያልነው ይነግራል።

ለዋሻ፣ ለውቅር ቤተ ክርስቲያን ወይም ለአዳራሽ የቦታውን ምላሽ ራሱን መቅዳት ይቻላል። ፊኛ ማፈንዳት ፈጣኑ ዘዴ ነው፣ ታች ያለው ድምፅ ግን ስለሚያንሰው ውጤቱ ሳስቶ ይሰማል። ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ የሚወጣ የ15 ሰከንድ ድምፅ በስፒከር አጫውቶ መቅዳትና በኮምፒዩተር ወደ ሪቨርብ መለወጥ የተሻለ ነው። የሚበዛው ስሕተት ድምፁ እንዳለቀ ወዲያው ሪከርደሩን መዝጋት ነው፤ ጅራቱ እስኪሞት ቢያንስ 10 ሰከንድ ይጠበቅ። ቅዱስ ቦታ ከሆነ ፈቃዱ የሚገኘው ከአስተዳዳሪው ነው፣ ሰዓቱም ከቅዳሴና ከማኅሌት ውጭ ይሁን።

ገላጣ ሸለቆ ግን ሪቨርብ የለውም፣ ማሚቶ ነው ያለው። እዚያ ረጅም ሪቨርብ መጨመር ሸለቆውን ካቴድራል ያደርገዋል። ትክክለኛው መሣሪያ ዲሌይ፣ ማለትም ድምፁን አዘግይቶ የሚመልሰው፣ ነው። እስከ ገደሉ ያለውን ርቀት በሁለት አባዝቶ ለ340 ማካፈል ሰከንዱን ይሰጣል፤ የሚመለሰው ድምፅ ከ3000 ኸርዝ በላይ ያለው ይቀነስለት፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ጊዜ በላይም አይደገም። የሙዚቃው ፍጥነት ከዚህ ማሚቶ ጋር ካልገጠመ የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው።

ቅኝትን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ የዛሬ ኪቦርዶችና የሙዚቃ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ድምፅ በሳንቲም ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሠንጠረዥ አላቸው፤ ግን ብዙ ሰው አይከፍተውም። የታመነ ክራር ተጫዋች እንደ ልማዱ ቃኝቶ አውታሮቹን አንድ በአንድ ይምታ፣ እያንዳንዱ በመቃኛ ይለካ፣ ልዩነቱ ሠንጠረዡ ላይ ይግባ። ተጫዋቹ ከኪቦርድ ጋር ለረጅም ዘመን ከሠራ ሳያውቀው ወደ ኪቦርዱ ቃኝቶ ይሰጣልና፣ ኪቦርዱ በሌለበት ክፍል ቢለካ ጥሩ ነው። ሠንጠረዡ በተጫዋቹ ስም፣ በቦታውና በቀኑ ይቀመጥ። የሌላ መንደር ተጫዋች ሲመጣ የሱ ሠንጠረዥ ለብቻው ይሠራ፤ ሁለቱን አማክሎ አንድ «የወሎ ቅኝት» ማውጣት ከኪቦርዱ እኩል ክፍፍል የማይሻል ሌላ አማካይ መፍጠር ነው።